ያዩትን ያልረሱ ሰው
(የሐዲስ ዓለማየሁ ሕይወት)



ከዚህ ሰሌዳ ፊት ቆሞ የሚያነብ ሰው ብዙውን ጊዜ ደወል እየጠበቀ ስለሆነ ረጅም ጽሑፍ አይወድም። የዛሬው ግን ረዘም ይላል። አንዱ እግር ሲደክም በሌላው መቆም ነው፤ ካልሆነም ነገ ተመልሶ መጨረስ ነው እንጂ እኚህን ሰው በአሥር መሥመር መሸኘት ነውር ይሆንብናል።

የምናወራው ስለ ሐዲስ ዓለማየሁ ነው። ስማቸውን የማያውቅ በመካከላችን የለም። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያላነበበ እንኳ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ሲተረክ ሰምቶታል፤ ያልሰማም ቢሆን ያነበበ ሰው ያወራለትን ራሱ እንዳነበበ አድርጎ ያወራል (እንዲህ ያለው ሰው በየመኝታ ክፍሉ አንድ አይጠፋም)። ታዲያ ስለ መጽሐፉ ብዙ ሲወራ ሰውየው ይረሳሉ። ያን መጽሐፍ ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ነው፤ ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ ስድስት ዓመት ተጠግቶ ነበር። ከዚያ በፊት የቆሎ ተማሪ፣ አስተማሪ፣ ዘማች፣ እስረኛ፣ መልክተኛና ሚኒስትር ሆነዋል። ሃምሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ምን ሲያጠራቅሙ ኖሩ? እኛን ያሳሰበን ይኸው ነው።

የተወለዱት በ1902 ዓ.ም. በጎዛምን፣ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት በምትባል ስፍራ፣ ከደብረ ማርቆስ ብዙም ሳይርቅ ነው። አባታቸው ቄስ ዓለማየሁ ሰሎሞን፣ እናታቸው ወይዘሮ ደስታ ዓለሙ ይባላሉ። በዚያን ዘመን የቄስ ልጅ ዕጣው አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ፊደል ይቆጥራል፣ ዳዊት ይደግማል፣ ከዚያ በኋላ አኩፋዳውን አንግቶ ከእናቱ ቤት ይወጣል። ሐዲስም ወጡ። በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ እየተዘዋወሩ የቤተ ክህነቱን ትምህርት ተማሩ።

ከአማኑኤል ለመጣ ሠልጣኝ ደብረ ኤልያስ ጎረቤት ናት። የቢቸና ልጅ ዲማን በጊዮርጊስ ንግሥ ያውቃታል። ከሞጣ ወደ ደጀን በመኪና የሚወርድ ሰው ደግሞ ደብረ ወርቅን በመስኮት እያየ ያልፋል። እኛ በመስኮት የምናየውን አገር ያ ልጅ በባዶ እግሩ ነው የለካው።

የቆሎ ተማሪን ኑሮ ለማታውቁ (አሁን አሁን የማያውቁ በዝተዋል) ጥቂት ልንገራችሁ። ተማሪው ደበሎ ለብሶ፣ ዱላ ይዞ፣ በየደጁ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ይለምናል። ዱላው ለጌጥ አይደለም፤ የባላገር ውሻ ቅኔ አይገባውም። ቁራሽ ያገኘ ይዞ ወደ ጎጆው ይመለሳል፤ ያላገኘ ካገኘው ይካፈላል፤ ሁለቱም ያላገኙ ለት ውኃ ጠጥተው ያድራሉ። መምህሩ ደመወዝ የለው፣ ተማሪው የሚከፍለው የለው፣ የስም መዝገብ የለ፣ ሰርተፊኬት የለ። ያም ሆኖ ተማሪው ከወሎም ከጎንደርም ከሸዋም እየተነሣ ወደ ጎጃም ቅኔ ቤቶች ይጎርፍ ነበር።

ይህ ኑሮ ልብ ለሚል ልጅ ሌላም ትምህርት አለው። በቀን አሥር ደጅ የሚቆም ልጅ በቀን አሥር ዓይነት ሰው ያያል። ሰፊ ግቢ ያለው ባለጸጋ ውሻው ሲዘል እያየ ዝም ሲል ያያል፤ ከአጥሩ ሥር በምትገኘው ጎጆ ያለች ባልቴት ደግሞ ለራት ያስቀመጠቻትን ግማሽ እንጀራ ስታወጣ ያያል። በሌላ ሳምንት ሲመለስ ያው ባለጸጋ ሐዘን ደርሶበት እንባውን እየጠረገ በሁለት እጁ ሲሰጥ ያገኘዋል፤ ያችው ባልቴት ከጎረቤቷ ተጣልታ ስትራገም ይሰማታል። እንግዲህ ሰው ደግ ነው ወይስ ክፉ? የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ለዚህ መልስ አይኖረውም። ጥያቄው ግን እንደ ቁንጫ ከደበሎው አይወጣም።

ቅኔ ቤት ሲገባ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመርበታል። ተማሪው ሲያወጣ ሲያወርድ ቆይቶ የራሱን ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል። የትናንቱ አይሠራም፤ የጓደኛውም አይሠራም። መምህሩ በጆሮው ሰምቶ በቃሉ ያርማል። (እኛ መምህራን የአምናውን የትምህርት ዕቅድ ቀኑን ብቻ ለውጠን እንደምናቀርብ አንድ የዲማ የቅኔ መምህር ቢሰማ ምን ይለን ይሆን?) ከሁሉም በላይ ግን ቅኔ ቤት ቃል ሁለት ሆድ እንዳለው ያስተምራል። ላዩ ሰም፣ ውስጡ ወርቅ። ይህን ዓመት ከዓመት ሲለማመድ ያደገ ልጅ ሰውንም እንደዚያው ማየት ይለምዳል። ፊታውራሪው ሲቆጡ ቁጣውን ብቻ ሰምቶ አያልፍም፤ ከቁጣው በታች ያለውን ፍርሃት ይፈልጋል።

ከዚያ በኋላ ወደ አዲስ አበባ ሄደው በስዊድን ሚሲዮን፣ ቀጥሎም በ1917 ዓ.ም. በተከፈተው በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ዘመናዊውን ትምህርት ተማሩ። አሁን እዚህ ላይ ቆም እንበል። ብዙ ሰው የሚጠፋው እዚህ ላይ ነውና።

ከዓመታት በፊት ነው፤ የት እንደሆነ ይቅር። አንድ ሠልጣኝ ከገባ ሦስት ወር ሳይሞላው አባቱ ሊጠይቁት መጡ። ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ እግራቸው አቧራ ለብሶ፣ በአገልግል ዳቦ ይዘው በር ላይ ቆመዋል። ልጁ ከጓደኞቹ ጋር ወጣና አገልግሉን ተቀበለ። ጓደኞቹ ማን ናቸው ብለው ሲጠይቁት የሰፈራችን ሰው ናቸው፣ እናቴ ልካቸው ነው አላቸው። አባቱ ሰምተዋል። ምንም አልተናገሩም፤ ፈገግ ብለው እንደ ሰፈር ሰው ደኅና ሁን ብለውት ሄዱ። ይህን የማውቀው ከጓደኞቹ አንዱ እኔ ስለነበርኩ ነው። ዳቦውንም በልቻለሁ። ልጁ ክፉ አልነበረም፤ እንዲያውም ከሁላችን የሚሻል ሩኅሩኅ ነበር። ግን ሰው ወደ ላይ መውጣት ሲጀምር መጀመሪያ የሚያፍረው በራሱ በትናንቱ ነው፤ ትናንቱንም ገፍትሮ ለመጣል ይቸኩላል።

ሐዲስ ከደበሎ ወደ ኮት ሲሸጋገሩ ውስጣቸው ምን እንደተሰማው እዚያ አልነበርንም። ሥራቸውን ስናይ ግን ደበሎውን ጨርሰው እንዳልጣሉት ይታወቃል። ገና በወጣትነታቸው «የሐበሻና የወደ ኋላ ጋብቻ» የሚል ቴአትር ጻፉ። ርእሱ ራሱ እንደሚናገረው ዓይናቸው ያረፈው በአገራቸው ጋብቻ ላይ ነው። አዲስ አበባ ያስተማረቻቸውን አዲስ ነገር ያገርቤትን ሰው ለመናቅ አላዋሉትም፤ ያገርቤትን ሰው ችግር ለመመርመር አዋሉት እንጂ። ይኸው የጋብቻ ነገር ከሠላሳ ዓመት ያህል በኋላ ትልቅ መጽሐፍ ሆኖ ተመለሰ።

ትምህርታቸውን እንደፈጸሙ ጥቂት ዓመት አስተማሩ። ወደ ጎጃም ተመልሰውም በጉምሩክ ጸሐፊነትና በትምህርት ቤት ኃላፊነት በዳንግላና በደብረ ማርቆስ ሠርተዋል። እንግዲህ የኛው ሙያ ሰው ናቸው ማለት ነው።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። በ1928 ዓ.ም. የጎጃም ገዥ የነበሩት ልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ የጎጃምን ጦር ይዘው ወደ ሽሬ ሲዘምቱ ወጣቱ አስተማሪም ዘመቱ። የሽሬን ጦርነት፣ የተከዜን መሻገሪያ፣ ከሰማይ የሚወርደውን ቦምብና መርዝ ለመዘርዘር ይህ ሰሌዳ አይበቃም። ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ውጭ ከወጡ በኋላ ራስ እምሩ ወደ ምዕራብ ተሻግረው ጎሬ ላይ የጥቁር አንበሳ ጦር ከሚባሉት የተማሩ ወጣቶች ጋር ተገናኙ። ትግሉ ብዙ አልገፋም። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተከበው እጃቸውን ሰጡ። ሐዲስም ተማርከው ወደ ኢጣልያ ተጋዙ።

የሰው ዕድል እንዴት ያለ ነገር ነው! በመማረካቸው ያዘነ ሰው ነበረ ይሆናል። ከሁለት ወር በኋላ ግን የካቲት 12 ቀን አዲስ አበባ ላይ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ተጣለ፤ የተማረ ኢትዮጵያዊ የተባለ ሁሉ እየታደነ ተገደለ። ከጥቁር አንበሳ ሰዎችም ብዙዎቹ በዚያው አለቁ። በባዕድ አገር መታሰር ለሐዲስ ዕድሜ ሆነላቸው። እንዲህ የተረፈ ሰው ምን ይሰማዋል? እኔስ ለምን ተረፍኩ ሳይል የሚያድር አይመስለኝም።

የታሰሩት ፖንዛና ሊፓሪ በሚባሉ ትናንሽ የኢጣልያ ደሴቶች ነው። ፖንዛ ከኔፕልስ ወደ ምዕራብ ባሕር መካከል ያለች ናት፤ ሊፓሪ ሲሲሊ አጠገብ ናት። ፋሽስቶቹ አገዛዛቸውን የተቃወሙ የገዛ ወገኖቻቸውንም ወደነዚህ ደሴቶች ያግዙ ነበር። የጎጃም ደጋ ሰው ባሕር በከበበው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ የማያውቀውን ቋንቋ እየሰማ፣ አገሩ ይኑር ይጥፋ ሳያውቅ ሰባት ዓመት ያህል ማሳለፍ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። የሃያ ሰባት ዓመት ወጣት ሆነው ገብተው የሠላሳ አራት ዓመት ሰው ሆነው ወጡ። ሌላው ሰው ትዳር የሚመሠርትበትና ጎጆ የሚያቆምበት ዕድሜ በሙሉ እዚያ ቀረ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። ሙሶሊኒ በ1935 ዓ.ም. ክረምት ከሥልጣኑ ተሽሮ ሲታሰር ለጥቂት ቀናት የቆየው በዚያችው በፖንዛ ነው። የተቀመጠበትም ቤት ራስ እምሩ ታስረውበት የነበረው ነው ይባላል። እንዲህ ያለውን ነገር ልብ ወለድ ደራሲ ቢጽፈው አንባቢ አይበዛም ወይ ይለው ነበር።

የቃል ኪዳን አገሮች ጦር ኢጣልያ ሲገባ ነፃ ወጡ፤ ወደ አገራቸውም ተመለሱ። ከዚህ በኋላ ያለው የሥራ ታሪካቸው ለሹመት ዝርዝር የሚመች ስለሆነ ቶሎ እንለፈው። በኢየሩሳሌም ቆንስል ሆኑ፤ በዋሽንግተንና በኒውዮርክ በተባበሩት መንግሥታት አገራቸውን ወክለው ሠሩ፤ በ1952 ዓ.ም. አካባቢ ለአጭር ጊዜ የትምህርት ሚኒስትር ነበሩ፤ ከዚያም በለንደን አምባሳደር፣ ተመልሰው የፕላንና ልማት ሚኒስትር፣ በመጨረሻም እስከ 1966 ዓ.ም. የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ሆኑ። በመካከሉ በ1948 ዓ.ም. «ተረት ተረት የመሠረት» የሚለውን የተረት መጽሐፋቸውን አሳተሙ። በዚያው ዓመት ስለ ትምህርትና ስለ ተማሪ ቤት ትርጉም የጻፉትም አላቸው፤ ሚኒስትር ከመሆናቸው አራት ዓመት ቀደም ብሎ መሆኑን ልብ በሉልኝ። ብዙ ሰው ስለ ትምህርት ማሰብ የሚጀምረው ከተሾመ በኋላ ነው።

እንግዲህ በ1958 ዓ.ም. ምን እንደሆነ እንይ። ሰውየው ዓለምን ዞረዋል። ከነገሥታትና ከፕሬዚዳንቶች መልክተኞች ጋር ተቀምጠዋል። ስለ ኒውዮርክ ወይም ስለ ለንደን ቢጽፉ ማን ይከለክላቸዋል? ስለ ጦርነቱስ፣ ስለ እስር ቤቱስ? እሳቸው ግን ሲጽፉ የተመለሱት ዲማ ጊዮርጊስ ነው! የተመለሱትም በሚኒስትር ዓይን አይደለም፤ አኩፋዳ ባነገተው ልጅ ዓይን ነው። በዛብህ ማን ነው? ከማንኩሳ የመጣ የድኻ ልጅ፣ የዲማ የቅኔ ተማሪ ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ኮት ከለበሱ በኋላ ደበሎውን እንደ ትናንት አስታወሱት። ሽታውን ሁሉ!

ታሪኩን አልተርክላችሁም፤ ያላነበበ ያንብብ። ስለ ሰው ጠባይ ያሉትን ግን ጥቂት ላንሣ።

የበዛብህን አባትና እናት አስቡ፤ ቦጋለ መብራቱንና ውድነሽን። ልጃቸውን ይወዱታል። ቢታመምባቸው ጊዜ እንዲተርፍላቸው ለእግዚአብሔር ሊሰጡት ስለት ተሳሉ። ከዚያ የሚበልጥ ፍቅር የለም፤ ነገር ግን ያ ስለት ልጁ አድጎ ሰው ሲወድ በአንገቱ ላይ ገመድ ሆነበት። ማንም ክፉ ሳይሠራ ክፉ ነገር ሆነ። ይህን ክፍል ባነበብኩ ቁጥር ከአባቴና ከእናቴ የወረስኳቸውን ስለቶች እቆጥራለሁ፤ በአፍ ያልተነገሩትን ጭምር። የተላከነው እኛ ሁላችን የአንድ ሰው ስለት ነን፤ ዶክተር ይሆንልኛል ተብሎ የተላከ አለ፣ ቤቱን ያነሣልኛል ተብሎ የተላከ አለ።

ፊታውራሪ መሸሻን ደግሞ ተመልከቱ። ለዚያ ዘመን ጨቋኝ ባላባት ቀንድና ጅራት ማብቀል ቀላል ነበር። ሐዲስ ግን ያስቁናል። እኚህ ሰው የዘር ሐረጋቸውን ሲቆጥሩ ውለው ልጃቸውን ለመጣ ለሄደው ሁሉ አይመጥናትም እያሉ ሲከለክሉ ሰብለ ወንጌል ቤት ውስጥ ቀረች። በመጨረሻ ይመጥናታል ብለው ያገኙላት ሰው በዕድሜ እጅግ የሚበልጣት ባለ ማዕረግ ነው። ልጃቸውን አይጠሏትም። የሚወዱበት መንገድ ግን በአባቶቻቸው አጥንት የታጠረ ነው፤ እሷን ሲያስሩ ራሳቸውም ታስረዋል። ገበሬው በግብርና በመባ ሲማረር የማይታያቸውም ያው አጥር ጋርዷቸው ነው። ይህን ያየ ደራሲ በልጅነቱ ባለጸጋውንም ባልቴቷንም በሁለት በኩል ያየ ልጅ ነበረ።

(ለእጩ መምህራን አንዲት ማስጠንቀቂያ፦ በዛብህ ለሰብለ የተቀጠረው አስተማሪዋ ሆኖ ነው። የሆነውን ታውቃላችሁ። መጽሐፉ ስለ ፍቅር ትልቅ ነገር ያስተምራል፤ ስለ መምህር ሥነ ምግባር ግን ምሳሌ አድርጋችሁ እንዳትወስዱት። እኛ ዘንድ ይህ ነገር ከሥራ ያስወጣል።)

ከሁሉ የሚከብደኝ ጉዱ ካሣ ነው። ከባላባቱ ወገን ሆኖ የዘመኑን ሥርዓት ብልሽት የሚያይ፣ የሚናገርም። ስለተናገረ እብድ ተባለ፤ ስሙም ጉዱ ተባለ። ኅብረተሰብ እውነት የሚናገርበትን ሰው ሁልጊዜ አይገድለውም፤ አንዳንዴ ይስቅበትና ይተወዋል። መግደሉ ሳይሻል አይቀርም ያሰኛል። ጉዱ ካሣ ያያል፣ ይናገራል፣ ሰብለንና በዛብህን ይረዳል፤ ሥርዓቱ ግን እንዳለ አለ።

አሁን ወደ አንድ አስቸጋሪ ነገር ልግባ። አንዳንድ ሰው ሐዲስን እንዲህ ሲል ይወቅሳቸዋል፦ ይህን ሁሉ ያዩ ሰው፣ የገበሬውን መከራ እንዲያ አድርገው የጻፉ ሰው፣ ያንኑ ሥርዓት እስከ መጨረሻው ቀን አገለገሉ፤ ሚኒስትር ሆኑ፣ አምባሳደር ሆኑ፣ በሕግ መወሰኛ ምክር ቤትም ተቀመጡ። ማየታቸው ምን ጠቀመ? ይህ ወቀሳ ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። እኔም ለብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ፤ አሁንም ሙሉ በሙሉ አልፈታሁትም። በአንድ በኩል ባለሥልጣን ሆኖ ያን የመሰለ መጽሐፍ በዚያ ዘመን ማሳተም ቀላል ድፍረት አይደለም። ብዙ ወረቀት ከሚበትን ሰው ይልቅ አንድ ሰብለ ወንጌል የባላባቱን ሥርዓት በሰው ልብ ውስጥ አፍርሳዋለች፤ የመሬት አዋጁ በ1967 ዓ.ም. ሲታወጅ መጽሐፉ ዘጠኝ ዓመት ያህል ሲነበብ ቆይቶ ነበር። በሌላ በኩል ግን ገበሬው ልብ ወለድ እስኪታተምለት ሲጠብቅ አልኖረም፤ እየገበረ ነው የኖረ። ጉዱ ካሣን ሲጽፉ ራሳቸውን ነበር ወይ የሚጠይቁት? እላለሁ አንዳንዴ። የሚያይና የሚናገር፣ ግን ከዘመዶቹ ግቢ የማይወጣ ሰው። ከሆነ ለራሳቸው አልራሩም ማለት ነው።

ፈተናው በሌላ መልክ በ1966 ዓ.ም. መጣ። አገር ሲናወጥ «ኢትዮጵያ ምን ዓይነት አስተዳደር ያስፈልጋታል» የሚል መጽሐፍ አወጡ። ዝም አላሉም ማለት ነው። አዲሶቹ ሰዎች ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ይሁኑልን ብለዋቸው እንቢ እንዳሉ በሰፊው ይነገራል። እስቲ አስቡት፤ የቄስ ዓለማየሁ ልጅ፣ በየደጁ ሲለምን ያደገው፣ የአገሪቱን ትልቅ ወንበር ና ውሰድ ሲባል! እንደኛ ያለው ሰው የክፍል አለቃ እንኳ ሁን ሲሉት በቀኝ እጁ እየገፋ በግራው ይስባል። በኅዳር 1967 ዓ.ም. በአንድ ሌሊት ከተገደሉት 60 ያህል ሰዎች መካከል ሁለቱ የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች ነበሩና አውቀው ነው የሸሹት የሚል አለ። እኔ እንዲያ አይመስለኝም። ፊታውራሪ መሸሻን የሠራ እጅ ወንበር በሰው ላይ ምን እንደሚሠራ ያውቃል። ፍርሃትም ቢሆን ግን ክብር የሚነካ ፍርሃት አይደለም።

ወንበሩን ትተው ወደ ብዕራቸው ተመለሱ። በ1974 ዓ.ም. «ወንጀለኛው ዳኛ»፣ በ1980 ዓ.ም. «የልም እዣት» ታተሙ። ያኔ ዕድሜያቸው ሰባ ስምንት ነው። የመጨረሻውን ግን ልብ በሉ፦ «ትዝታ» የሚለውን፣ ስለ ጦርነቱ ዘመን የጻፉትን መጽሐፍ፣ ያወጡት በ1985 ዓ.ም. ነው። ከሽሬ ዘመቻ ሃምሳ ሰባት ዓመት በኋላ! እኛ ትናንት ማታ የተጣላነውን ዛሬ ጠዋት ለክፍሉ ሁሉ አውርተን እንጨርሳለን። ሰውየው ግን አንዳንዱን ነገር ሃምሳ ዓመት በውስጣቸው አስቀመጡት፤ ምሬቱ ዝቃጭ ሆኖ ከሥር እስኪወርድና ላዩ እስኪጠራ ድረስ ጠበቁት፤ እንደ ጠላ ማለት ነው። በመቆየቱ ያልሻገተበት ምክንያት እየቀመሱ ስላቆዩት ይመስለኛል።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጥቷቸዋል። በስማቸው የተጠራ የባህል ጥናት ተቋምም በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ተቋቁሟል። ያረፉት በኅዳር 1996 ዓ.ም. በዘጠና አራት ዓመታቸው ነው። ልጅ አልነበራቸውም። በዛብህ፣ ሰብለ ወንጌል ተብለው የተጠሩት ሕፃናት ግን ቤት ይቁጠራቸው፤ በየዓመቱ በምንቀበላቸው ሠልጣኞች ስም ዝርዝር ላይ ሁለት ሦስት አይጠፉም።

አገልግሉን የተቀበለው ያ ጓደኛዬም መጽሐፉን አንብቦታል። ያነበበው ባረፍንበት ሰሞን፣ በሁለተኛው ዓመት ነው። በዛብህ የአባቱንና የእናቱን ሞት በሩቅ ሆኖ ከሚያውቅበት ቦታ ሲደርስ መጽሐፉን አጥፎ ወጣ። በማግሥቱ ሳያስፈቅድ አገር ቤት ሄዶ ሁለት ቀን ቆይቶ ተመለሰ፤ ስለ መቅረቱም ተቀጣ። አባቱ በሕይወት ነበሩ። ምን እንዳላቸው ጠይቄው አላውቅም። ለምረቃው ቀን ግን ጋቢያቸውን ተከናንበው መጥተው ነበር፤ እየዞረ ለያንዳንዳችን አስተዋወቀን፤ ለኔም ጭምር፣ ከዚህ በፊት እንዳላየኋቸው ሁሉ። እኔም እንዳላየኋቸው ሆኜ እጃቸውን ጨበጥኩ።

በቤተ መጻሕፍታችን ያለው የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ቅጂ ከብዙ መነበብ የተነሣ ጀርባው ተገንጥሏል። የመጨረሻዎቹ ገጾችም የሉም፤ ስለዚህ በዚህ ዓመት ያነበቡት ሰብለ ወንጌል ምን እንደሆነች ሳያውቁ ነው የመለሱት። ገጾቹን የወሰደ ሰው ካለ በማታ ከበሩ ሥር ቢያስገባልን ማን እንደሆነ አንጠይቅም።